የሌለ ቺፕ ጥገና

ኪዩኢሙ የሚባል ሶፍትዌር አለ። ፋብሪስ ቤላር የተባለ ፈረንሳዊ ፕሮግራመር በ2003 ለሕዝብ የለቀቀው ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሥራው በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በኮድ መሥራት ነው። ላፕቶፓችሁ ላይ ስትከፍቱት ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪ፣ ዲስክና የኔትወርክ ካርድ ያለው ሌላ ማሽን ይነሣል፤ አንዱም ግን በእጅ አይዳሰስም። በውስጡ የሚነሣው ሊኑክስ ወይም ዊንዶውስ እውነተኛ ብረት ላይ የተቀመጠ መስሎት ሥራውን ይሠራል። ኬቪኤም ከሚባለው የሊኑክስ ክፍል ጋር ተጣምሮ ብዙ የክላውድ ሰርቨሮችን የሚያንቀሳቅሰውም ይኸው ሶፍትዌር ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ የቻለ ማሻሻያ ይልካል፣ ሌላው የላከውን ማሻሻያም ይመረምራል።

እኔ ከዚህ ሰፊ ኮድ የማነበው አንዱን ጥግ ብቻ ነው፤ የኢንተራፕት ኮንትሮለሮቹን። ማሻሻያ ሲቀርብ እመረምራለሁ፣ የተበላሸ ሲገኝ እፈልጋለሁ፣ አልፎ አልፎም ራሴ አስተካክላለሁ። ጓደኞቼ «ምንድን ነው የምትሠራው?» ሲሉኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ይቸግረኛል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

ፕሮሰሰር የያዘውን ፕሮግራም ትእዛዝ በትእዛዝ እየተከተለ ወደፊት ይሄዳል። ኪቦርድ ተነክቶ እንደሆነ፣ ከኔትወርክ መልእክት መጥቶ እንደሆነ፣ ዲስኩ የተጠየቀውን አንብቦ ጨርሶ እንደሆነ የሚያቋርጠው ካላገኘ ልብ አይልም። ያ ማቋረጫ ምልክት ኢንተራፕት ይባላል። ምልክት የሚልኩት መሣሪያዎች ብዙ ናቸው፣ የፕሮሰሰሩ በር ግን አንድ ነው፤ በመካከላቸው ኢንተራፕት ኮንትሮለር ይቆማል። የአንድ ትልቅ ኃላፊ ጸሐፊን አስቡ። ባለጉዳይ ሲመጣ ትመዘግባለች፣ ማን እንደሚቀድም ትወስናለች፣ «እገሌን አታስገቢ» ከተባለች ታስቆማለች፣ የገባው መጨረሱ ሳይነገራት ከእሱ በማዕረግ የሚያንሰውን አታስገባም። ባለጉዳዮቹም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ በሩን አንዴ ብቻ አንኳክቶ ይቀመጣል፤ ያቺ ማንኳኳት ካልተመዘገበች ጉዳዩ ጠፍቶ ይቀራል። ሌላው ጉዳዩ እስኪፈጸምለት ድረስ የበሩን እጀታ ይዞ ይቆማል። የፊተኛው ዓይነት ኢንተራፕት ኤጅ፣ የኋለኛው ሌቨል ይባላል። ከማያቸው ችግሮች አብዛኞቹ የሚነሡት ከእነዚህ ከሁለቱ ልዩነት ነው።

በፒሲ ዓለም ይህን ሥራ የያዘው የኢንቴል 8259 ቺፕ ነበር። በ1981 የወጣው አይቢኤም ፒሲ አንዱን ብቻ ይዞ 8 መስመር ነበረው። በ1984 ፒሲ ኤቲ ሲመጣ ሁለተኛ ቺፕ ተጨመረና በመጀመሪያው ቺፕ ቁጥር 2 መስመር ላይ ተቀጠለ። አንዱ መስመር ለማገናኛ ስለተበላ 16 ሳይሆን 15 መስመር ተገኘ፤ የቅድሚያው ተራም 0፣ 1፣ ከዚያ ከ8 እስከ 15፣ ከዚያ በኋላ ከ3 እስከ 7 ሆነ። ከባዶ ተነሥቶ እንዲህ ያለ ተራ የሚያወጣ መሐንዲስ ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ስርዓተ ክወናዎች በዚህ ተራ ላይ ተጽፈዋል፤ ስለዚህ ዛሬ ኪዩኢሙ ላይ መደበኛ ፒሲ ስታስነሡ ያ የቆየ ሰልፍ እንዳለ ይነሣል።

የቺፑ ሰነድ ከሚናገራቸው ነገሮች አንዱን ላንሣ። መሣሪያው ምልክቱን ሰጥቶ ፕሮሰሰሩ «እሺ፣ ማነህ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት ምልክቱን ቢያነሣ ቺፑ ዝም ማለት አይችልም። ቁጥር መመለስ አለበትና 7ን ይመልሳል። ማንም ሳይጠራ 7 ተጠራ ማለት ነው። ሊኑክስ ይህን የሐሰት ጥሪ ለይቶ የሚያውቅበትና መልእክት የሚጽፍበት ኮድ አለው። የኪዩኢሙ ኮድም ጠሪ ሲጠፋ 7ን ይመልሳል። ይህን መስመር «ትርፍ ነው» ብሎ የሚሰርዝ ሰው ቺፑን ያሻሻለ ይመስለዋል፤ የቺፑ ጠባይ ግን ከነጉድለቱ ነው መኮረጅ ያለበት።

በ2023 የገባች አንዲት ማሻሻያን ብዙ ጊዜ እንደ ምሳሌ አነሣታለሁ። 8259 ሲነሣ ከሚቀበለው የመጀመሪያ ትእዛዝ ውስጥ ከቀኝ 4ኛው ቢት «መስመሮቼ በሙሉ ሌቨል ናቸው» የሚል ነበር። ኋላ ኢሳ የተባለው አሠራር መጥቶ እያንዳንዱን መስመር ለየብቻው ኤጅ ወይም ሌቨል ማድረግ ሲቻል ያ ቢት ሥራ ፈታ። በ1996 የወጣው የኢንቴል ፒክስ3 ቺፕ ሰነድ ጭራሹን እንደማይሠራ ይናገራል። የኪዩኢሙ ኮድም ቢቱ ሲመጣ «ይህ አልተሠራም» ብሎ ማስታወሻ ይጽፍና ያልፍ ነበር። ለረጅም ዓመታት ይህ ማንንም አላስቸገረም። በኋላ ሰዎች ፔጋሶስ 2 የሚባለውን የፓወርፒሲ ቦርድ በኪዩኢሙ ሠሩ፤ እዚያ ላይ የሚሄደው ሞርፎኤስ የሚባል ስርዓተ ክወና ያንን የተረሳ ቢት ይጠቀምበት ኖሯል! በቦርዱ ላይ ያለው የቪአይኤ ቺፕ ውስጥ ያለው 8259 ቢቱን ያከብራል ማለት ነው።

ማስተካከሉ ራሱ ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነው። በትልልቅ የሰርቨር ቤቶች ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮድ የተሠራው ማሽን፣ ሳይጠፋ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ይዛወራል። ሲዛወር የእያንዳንዱ ቺፕ የውስጥ ሁኔታ፣ የትኛው መስመር ጠይቋል፣ የትኛው ታግዷል፣ የትኛው በመስተናገድ ላይ ነው፣ ይህ ሁሉ በተስማሙበት ቅደም ተከተል ይላካል። በዚህ ዝርዝር ላይ አንድ ነገር ዝም ብሎ ቢጨመር ወደ ቆየ ስሪት የሚዛወር ማሽን «የላክኸውን አላውቀውም» ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ የተጨመረችው ቢት ከዋናው ዝርዝር ውጪ ለብቻዋ በምትላክ ክፍል ውስጥ ተቀመጠች፤ የምትላከውም ቢቷ በርታ ከተገኘች ብቻ ነው። ሞርፎኤስን የማያውቅ ተራ ፒሲ የሚልከው ዝርዝር በአንድ ባይት እንኳ አልተለወጠም። እኔ ለዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ትልቅ አክብሮት አለኝ። ማሻሻያ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምፈልገው የሚላከው ዝርዝር ተነክቶ እንደሆነ ነው፤ የኮዱን ውበት ከዚያ በኋላ አያለሁ።

እዚህ ላይ ሥራውን የሚያከብደው ነገር ይታያል። ኮዱ ታማኝ መሆን አለበት፣ ግን ለማን? ለቺፑ ሰነድ ታማኝ መሆን አለበት። ትናንት ለሠራው ለራሱ አሠራርም ታማኝ መሆን አለበት፤ በዚያ ላይ ተማምነው ማሽን ያስነሡ ሰዎች አሉና። ሁለቱ ሲጣሉ መዳኘት የሜንቴይነሩ፣ ማለትም ያንን የኮድ ክፍል የሚጠብቀው ሰው፣ ሥራ ነው።

ሦስተኛ ተሟጋችም አለ፤ ማሽኑ ውስጥ የሚኖረው ተጠቃሚ። የድሮ ዊንዶውስ ሰዓቱን የሚቆጥረው በየተወሰነ ጊዜ የሚመጣ ኢንተራፕት እየቆጠረ ነው። ሰርቨሩ ሥራ ሲበዛበት ቨርቹዋል ማሽኑ ለአፍታ ተራ ያጣል፤ በዚያች አፍታ ሁለት ሦስት ምት ይደርሳል። ኮንትሮለሩ ግን «ጥያቄ አለ» የሚልበት ለአንድ መስመር አንድ ቢት ብቻ ነው፤ ሦስቱ ምት አንድ ሆኖ ይቀራል። የማሽኑ ሰዓት ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይጎተታል። እውነተኛ ቺፕ ላይ «ምትህ ደርሷል» ብሎ ለሰዓቱ የሚመልስ ሽቦ የለም። ኪዩኢሙ ውስጥ ግን አለ! ኮንትሮለሩ ምቱ መድረሱን ወይም መዋጡን ለሰዓቱ ይነግረዋል፣ ሰዓቱም የተዋጠውን ቆጥሮ ቆይቶ ይልከዋል። ከሰነዱ የወጣ ነው፤ ሆን ተብሎ፣ ለሰው ሲባል የወጣ። ይህን ኮድ ለማጽዳት ሐሳብ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በእኔ እምነት ሰዓቱ የተዛባበት ሰው ካለ ንጽሕናው ይቆየን።

ጥንቃቄ ሲጎድል ምን እንደሚመጣ የሚያሳየው የአርም ጉዳይ ነው። የአርም ፕሮሰሰሮች ኮንትሮለር ጊክ ይባላል። ፕሮሰሰሮች እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት ከ0 እስከ 15 የተቆጠሩ ጥሪዎች አሉት፤ ለእነሱ 4 ቢት ይበቃል። በኪዩኢሙ ኮድ ውስጥ ግን ጥሪው የሚነበበው በ10 ቢት ነበር፤ እስከ 1023 ድረስ ያሳልፋል። ማሽኑ ውስጥ ያለ ሙሉ ሥልጣን የያዘ ሰው ትልቅ ቁጥር ቢጽፍበት ኮዱ ከተመደበለት የሜሞሪ ቦታ አልፎ ይነካ ነበር፤ ኪዩኢሙም ይወድቃል። ክፍተቱ በ2021 በደህንነት ክፍተቶች መዝገብ ላይ ሲቪኢ-2021-20221 ተብሎ ተመዘገበ። ማስተካከያው አንድ ቁጥር በሌላ ቁጥር መተካት ብቻ ነበር። ያ መስመር በብዙ ሰው ዓይን ስር አልፏል፤ የጎደለው ሰነዱን ጎን ለጎን ከፍቶ «ስንት ቢት ነው?» ብሎ የሚቆጥር ሰው ነበር።

የኢንተራፕት ችግር ከሌላው የሚለየው ድምፅ ስለሌለው ነው። ማሽኑ አይወድቅም፣ ስሕተት አይጽፍም፤ ዝም ብሎ ይቆማል። ያልመጣ ምልክት እየጠበቀ ነው። እኔ ያኔ የኪዩኢሙን መቆጣጠሪያ ከፍቼ የኢንተራፕት ኮንትሮለሩን ሁኔታ አሳየኝ እለዋለሁ፤ ጥቂት ቁጥሮች ይሰጠኛል። የጠያቂው ቢት በርቶ የእግዱም ቢት ከበራ የዘጋው ስርዓተ ክወናው ነው። ጠያቂውም የመስተናገዱም ቢት አብረው ከበሩ ስርዓተ ክወናው «ጨረስኩ» ማለት ረስቷል። መሣሪያው ምልክቱን ሰጥቶ ሳለ የጠያቂው ቢት ጠፍቶ ከተገኘ ግን ጥፋቱ የኛ ነውና ቡናዬን አፍልቼ ኮዱን እከፍታለሁ።

ባለፈው አንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ደወለችልኝ። የራሷን ትንሽ ከርነል፣ ማለትም የስርዓተ ክወና እምብርት፣ ሪስክ-ፋይቭ ለሚባለው የፕሮሰሰር ዓይነት እየጻፈች ነው። የሪስክ-ፋይቭ ቦርድ ከውጭ አስገዝቶ ማስመጣት ለአንድ ተማሪ ቀላል አይደለም፤ ኪዩኢሙ ግን በነጻ ላፕቶፗ ውስጥ አለ። ኤምአይቲ ስርዓተ ክወና የሚያስተምርበት ኤክስቪ6ም በዚሁ በሪስክ-ፋይቭ ማሽን ላይ ነው የሚሄደው።

«ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ፊደል ይቀበላል፣ ከዚያ በኋላ ኪቦርዱ ይሞታል። ኪዩኢሙ ተበላሽቶ ይሆን?»

«ኮንትሮለሩን ማን እንደጠራሽ ጠየቅሽው?»

«አዎ፣ 10 አለኝ፤ ፊደሉ የሚመጣበት ዩአርት ነው።»

«ስትጨርሺስ 10ን መልሰሽ ጻፍሽለት?»

ትንሽ ዝም አለችና «እሱም መጻፍ አለበት እንዴ?» አለች። አለበት። የሪስክ-ፋይቩ ኮንትሮለር ፕሊክ የወሰዳችሁትን ቁጥር መልሳችሁ እስክትጽፉለት ድረስ ከዚያ መሣሪያ ሌላ ጥሪ አያሳልፍም። ኪዩኢሙ «ግድ የለም» ብሎ ቢያልፋት ኖሮ ከርነሏ ላፕቶፕ ላይ ሠርቶ እውነተኛ ቦርድ ላይ በቆመ ነበር። ኮዱ ጥብቅ በመሆኑ ያለ ቦርድ ቦርዱን ተማረች። እኔ ይህን ሥራ የምወድበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

ኪዩኢሙ የትኛው ፋይል የማን ኃላፊነት እንደሆነ የሚዘረዝር መዝገብ አለው። ከአንዳንዱ ፋይል አጠገብ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ስም አለ፣ ካንዳንዱ ጋር «ሲመች ብቻ የሚታይ» የሚል ተጽፏል፣ ካንዳንዱ ጋር ደግሞ ባለቤት እንደሌለው። ሰው የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው። አዲስ መሣሪያ መጻፍ የሚፈልግ ይገኛል፤ ሌላው የጻፈውን ቁጭ ብሎ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ዞሯል። ለሪስክ-ፋይቭ ኤአይኤ የሚባል አዲስ የኢንተራፕት አሠራር መጥቷል። የኪዩኢሙ ኮድ በ2022 ገባ፣ ሰነዱ የጸደቀው በ2023 ነው። ቺፑን ያላገኙ የስርዓተ ክወና ጸሐፊዎች ሾፌራቸውን (ስርዓተ ክወናው መሣሪያውን የሚያዝበትን ኮድ) የሚጽፉትም፣ የሚፈትኑትም በኮዱ ላይ ነው። በ8259 ጊዜ ኮዱ የቺፑን ጠባይ ይከተል ነበር፤ እዚህ ግን ኮዱ ውስጥ የገባ ስሕተት ቀድሞ ሾፌሩ ውስጥ ሊገባ፣ ከዚያም እንደ ደንብ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ የኤአይኤ ማሻሻያ ሲደርሰኝ ሰነዱን በአንድ መስኮት፣ ኮዱን በሌላው ከፍቼ ቢት በቢት አመሳክራለሁ። ያልገባኝን መስመር ጸሐፊውን ሳልጠይቅ «መርምሬዋለሁ» ብዬ ስሜን አልጽፍበትም።