ለትልቅ ፎርማት ካሜራ ቀላል ሌንስ ሲመረጥ ምን ይታያል?

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1927 አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ አንሰል አዳምስ በካሊፎርኒያ የሚገኘውን የዮሰማይት ተራራ ሲወጣ ከባድ ካሜራውንና የመስታወት ፕሌቶቹን በጀርባው አዝሎ ነበር። «ሃፍ ዶም» የተባለውን ግዙፍ ቋጥኝ ፊት ለፊት ከሚያሳየው ስፍራ ሲደርስ የቀሩት ፕሌቶች ሁለት ብቻ ነበሩ። ስሙን ካስጠሩት ፎቶግራፎች አንዱ የተገኘው ከመጨረሻው ፕሌት ነው። በትልቅ ፎርማት ካሜራ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ጥያቄው ዛሬም ያው ነው፦ ምን ተሸክሞ፣ ምንስ ትቶ መውጣት ይሻላል?

ትልቅ ፎርማት ካሜራ በአንድ ጊዜ አንድ ሉህ ፊልም ብቻ የሚቀበል ነው። የተለመደው ፊልም 4 በ5 ኢንች ሲሆን፣ የምስሉ ስፋት ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ከሚይዘው ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ካሜራው ከፊት ሌንሱን፣ ከኋላ ፊልሙን የሚይዙ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ በመካከላቸው እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚተጣጠፍ ጨለማ ክፍል ይዘረጋል። ፎቶግራፍ አንሺው ምስሉን የሚያስተካክለው ከኋላ ባለው ደብዛዛ መስታወት ላይ ተገልብጦ እያየው ነው።

የሌንሱን ክብደት በእጅጉ የሚወስነው ብርሃን የማስገባት አቅሙ ነው። የትኩረት ርቀቱ 300 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ እስከ ኤፍ 5.6 የሚከፈት ሌንስ ከ1 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ተመሳሳይ የትኩረት ርቀት ያለው «ኒኮር ኤም» ግን የሚከፈተው እስከ ኤፍ 9 ብቻ በመሆኑ ክብደቱ 290 ግራም ገደማ ነው። የሚያስገባው ብርሃን በ2.5 እጥፍ ያህል ያንሳል። ይህ ጉድለት ግን ፎቶግራፉን አይጎዳም፤ በትልቅ ፎርማት አብዛኛው ሥዕል የሚነሳው ሌንሱ ወደ ኤፍ 22 ወይም ኤፍ 32 ጠብቦ ነውና። ችግሩ የሚታየው ከማንሳቱ በፊት ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ወይም በጥቅጥቅ ደን ውስጥ በጨለመ መስታወት ላይ ፎከስ ማስተካከል አድካሚ ይሆናል።

ሁለተኛው መመዘኛ ሌንሱ ወደ ፊልሙ የሚጥለው የምስል ክብ ነው። የ4 በ5 ፊልምን ጥጎች ለመሸፈን የክቡ ዲያሜትር ቢያንስ 153 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ረጅም ሕንፃ ወደ ላይ የጠበበ እንዳይመስል ሌንሱን ከፍ ማድረግ ሲያስፈልግ ደግሞ ከዚህ የሰፋ ክብ ይፈለጋል። ክብደቱ ከ250 ግራም የማይበልጠው ባለ 240 ሚሊ ሜትሩ «ፉጂኖን ኤ» በኤፍ 22 ከ300 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ክብ ይሰጣል። ጥንታዊው ባለ 90 ሚሊ ሜትር «አንጉሎን» በአንጻሩ ፊልሙን የሚሸፍነው ለጥቂት ነው፤ ጥቂት ከፍ ሲደረግ ጥጎቹ ይጨልማሉ። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው፤ የሚያስከፍሉት ዋጋ ግን ይለያያል። አንዱ ድምቀትን፣ ሌላው የመንቀሳቀስ ነፃነትን ይወስዳል።

የካሜራው ወናፍ ርዝመትም አስቀድሞ ሊለካ ይገባል። ባለ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሩቅ ያለን ነገር ለማሳየት እንኳ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል መዘርጋትን ይጠይቃል፤ ለቅርብ ነገር ደግሞ ከዚያ በላይ። በሌላ በኩል ኒኮር ኤምና ፉጂኖን ኤ ሁለቱም ባለ 52 ሚሊ ሜትር ፊልተር ስለሚቀበሉ አንድ ዓይነት ፊልተር ለሁለቱ ይበቃል፤ ይህም ሸክምን ይቀንሳል።

ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2006 የትልቅ ፎርማት ሌንሶችን ምርት ማቆሙን በማስታወቁ፣ ዛሬ ገበያ ላይ የሚገኙት በአብዛኛው ያገለገሉ ናቸው። ገዢው በሌንሱ ውስጥ የእጅ ባትሪ አብርቶ ሻጋታና ጭጋግ መኖር አለመኖሩን ማየት፣ ሻተሩንም በ1 ሰከንድ ደጋግሞ መሞከር ይኖርበታል። የሚጎተት ወይም የሚቆም ሻተር የፊልሙን የብርሃን መጠን ያዛባል።

ስለዚህ መራጩ ሚዛን ላይ ከማስቀመጡ በፊት ሥራውን ማወቅ አለበት። ሩቅ መልክዓ ምድር ለማንሳት በእግር ለሚጓዝ ሰው ደብዘዝ ያለ ቀላል ሌንስ ይበቃዋል፤ ሕንፃ ለሚያነሳ ግን ሰፊ የምስል ክብ ከጥቂት ግራሞች ይበልጥበታል።