ደብተር ከሽማግሌ ይቀድም ዘንድ

በሀድያ፣ በሆመቾ ገበያ፣ ቅቤ ከሚሸጡ አንዲት እናት አጠገብ ተቀምጣ ገንዘብ የምትቆጥረውን ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደ ሆነች ብጠይቃት፣ እናቲቱ ቀድመው «ከስድስተኛ አቁማለች፤ ደቡብ አፍሪካ ላለ ሰው ታጭታለች» ቢሉኝ፣ ቃሉ በኅሊናዬ እየተመላለሰ ዕረፍት ስለ ነሣኝ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻን በእውነት የሚያስቀረው ምን እንደ ሆነ ለመመርመር ተነሣሁ።

ሕጉን አንባቢ ያውቀዋል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት የወሰነውን የጋብቻ ዕድሜ፣ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ወደ 18 ከፍ አድርጎታል፤ የ1996ቱም የወንጀል ሕግ ተላላፊውን በእስራት ይቀጣል። ነገር ግን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ዛሬ የምትታጭ ልጅ ዕድሜ በወላጆቿ ቃል እንጂ በመዝገብ እምብዛም አይጸናም። ስንት ጋብቻ እንደ ታገደ የጠየቅኋቸው አንድ ሹም በደብዳቤ እንድጠይቅ አዘዙኝ፤ ለደብዳቤውም መልስ አልሰጡም።

ከሕጉ ይልቅ ብዙ ያስተማረኝ፣ ነገሩ ስለ ሴት ልጅ ግርዛትና ስለ ጠለፋ ቢሆንም፣ የጎረቤት የከምባታ ታሪክ ነው። በኢየሩሳሌም የሥነ ሕይወትን ጥበብ ተምረው፣ በአሜሪካም ኖረው ወደ ትውልድ አገራቸው የተመለሱት ቦጋለች ገብሬ፣ ከእኅታቸው ከፍቅርተ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 የሴቶችን ማኅበር ሲመሠርቱ፣ ሕዝቡ አስቀድሞ የለመናቸው ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎችም ወደ ገበያ የሚሻገሩበትን ድልድይ ነበርና፣ ልመናውን ሰምተው ድልድዩን አሠሩ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌውና ካህኑ፣ እናትና ልጃገረድ በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው ስለ ግርዛትና ስለ ጠለፋ ተወያይተው እንዲቀሩ ወሰኑ፤ ዕድሮችም ውሳኔውን ደንባቸው አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ በሕዝብ ፊት በክብር ተዳረች፤ ግርዛትን የሚደግፈውም ሕዝብ ከ97 በመቶ ወደ 5 በመቶ ገደማ መውረዱን የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ያስጠናው ጥናት መስክሯል።

በአማራ ክልል ሞሰቦ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው «ብርሃነ ሔዋን» የተባለው መርሐ ግብር ደግሞ ሳታገባ ለቆየች ልጅ የትምህርት መሣሪያ፣ በፍጻሜውም ለቤተሰቧ ፍየል ይሰጥ ነበር፤ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች የመዳር ዕድል ወደ አንድ ዐሥረኛ ወረደ። ከ15 ዓመት በላይ ያሉት ግን ከሌላው ቀበሌ ይልቅ በዝተው ተዳሩ፤ ርዳታው ቀድሞ መድረስ አለበት ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለቅቤ ሻጯ ባጫውታቸው፣ «ወንድሜ፣ እኔ ልጄን የምጠላ ይመስልሃል? ደብተር ስትጠይቀኝ የምሰጣት የለኝም፤ ያ ሰው ግን ለታናናሾቿም ይልካል» አሉኝ። ሕጉን አይፈሩምን ብላቸው፣ «ሕግ ሆሳዕና ነው ያለው» አሉ። ዕድሩ ቢከለክልስ? «ዕድርማ ከከለከለ ማን ይቀብረኛል? ያኔ ለሽማግሌዎቹ እንቢ እላለሁ፤ ምክንያትም አገኛለሁ።»

እንግዲህ የሆመቾ ዕድሮች ሆይ፣ ይህችን ምክንያት በደንባችሁ ጽፋችሁ ለእናቶች ስጧቸው፤ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱም ደብተሩን ልጅቱ 10 ዓመት ሳይሞላት ያድርስ።