የቴክኖሎጂ ሙያ ለጂንካና ለደቡብ ኦሞ ሴቶች፦ ከሥልጠና እስከ ሥራ

በቴክኖሎጂ ዘርፍ ለመሠማራት የምታስብ የደቡብ ኦሞ ወጣት በቅድሚያ የምታነሣው ጥያቄ «ለዚህ አዲስ አበባ መሄድ ይኖርብኛል ወይ?» የሚል ነው። ከጂንካ አዲስ አበባ በየብስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ልጅን ያን ያህል ርቀት ልኮ ማስተማር ለብዙ ቤተሰብ የወጪ ብቻ ሳይሆን የሥጋትም ጉዳይ ነው። ሥልጠናውን ለመጀመር መሄድ አያስፈልግም። የተማሩትን ወደ መተዳደሪያነት መለወጥ ግን ከምዝገባ የበለጠ ዝግጅት ይጠይቃል።

በኢትዮጵያና በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ትብብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ሥልጠናውን በበይነ መረብ በነፃ ይሰጣል። በመርሐ ግብሩ ከተካተቱት መስኮች መካከል የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ዕውቀት፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ልማት፣ የዳታ ሳይንስ እና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ይገኙበታል። ሠልጣኟ በሚመቻት ሰዓት ተምራ ስታጠናቅቅ የምስክር ወረቀት ታገኛለች። ከመጀመሯ በፊት ምዝገባው ክፍት መሆኑን በኢትዮኮደርስ ድረ ገጽ ላይ ማረጋገጥ ይኖርባታል።

ነፃ ማለት ግን ቀላል ማለት አይደለም። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ራሱ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋቸው ለሆነ የሐመር፣ የዳሰነች ወይም የኛንጋቶም ልጆች ይህ ተጨማሪ ሸክም ነው። ቪዲዮውን በስልክ መከታተል ቢቻልም ኮድ መጻፍ በስልክ ገጽታ ላይ አድካሚ በመሆኑ ኮምፒዩተር የሚገኝበትን ስፍራ አስቀድሞ ማፈላለግ ይመከራል። ቤት ውስጥ አንድ ስልክ ብቻ ካለና እርሱም በአባት ወይም በወንድም እጅ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን በግልጽ ተነጋግሮ መወሰን ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ውሃና ማገዶ ማምጣቱ ሁልጊዜ ይቀድማል። ሁለት ሦስት ሆነው የሚማሩ ሴቶች አንዷ ያልገባትን ሌላዋ ስለምታስረዳ፣ ቤተሰብም በይበልጥ ስለሚተማመን፣ ለብቻ ከመማር ይህን መንገድ እናበረታታለን።

የበይነ መረቡ የምስክር ወረቀት ከቴክኒክና ሙያ ብቃት ማረጋገጫ ጋር አንድ አለመሆኑ በብዙዎች ዘንድ አይታወቅም። የመጀመሪያው ኮርስ መጨረስን ያሳያል። ሁለተኛው የሚገኘው በደረጃ ተከፋፍሎ የሚሰጠውን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ተከታትሎ የሙያ ብቃት ምዘና (በተለምዶ «ሲኦሲ») ሲታለፍ ነው። በደረጃ የወጣ ክፍት የሥራ መደብ የሚጠይቀው ይህንኑ ማረጋገጫ ስለሆነ፣ ከ10ኛ ወይም ከ12ኛ ክፍል በኋላ ዩኒቨርሲቲ ያልገባች ወጣት በአቅራቢያዋ ባለ ኮሌጅ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሥልጠና መኖሩን ብትጠይቅ መልካም ነው። የበይነ መረቡን ትምህርት ጎን ለጎን ማስኬድ ትችላለች። የዲግሪ ትምህርት ለሚሹ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጂንካ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ ይገኛል፤ ከእርሱ በፊት የአካባቢው ተማሪ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከዞኑ መውጣት ግድ ይለው ነበር።

ሥራውስ የት አለ? የቴክኖሎጂ ሥራ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት መተግበሪያ የሚሠራ ድርጅት ነው፤ እንዲህ ያለ ቀጣሪ በጂንካ ብዙ አይጠበቅም። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉ፣ ባንኮችና የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ኮምፒዩተርና ኔትወርክ የሚጠግን፣ መረጃ የሚያደራጅ ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሞባይል ገንዘብ ወኪልነትም ከስልክ ጥገና ጋር ተዳምሮ የሚሠራ ሥራ ሆኗል። በዚህ የምትሠማራ ሴት የሥራ ቀኗን ከገበያ ቀን ጋር ብታጣጥም ታተርፋለች፦ ሰኞ ቱርሚ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካና ጂንካ ገበያ ይቆማል። ይህን ሥራ ዝቅ አድርገን ማየት አይገባንም። ደንበኛ የምታውቅ፣ የሒሳብ መዝገብ የምትይዝ ባለሙያ ከዚያ ተነሥታ ወደ ላቀ ሥራ ለማደግ ጥሩ መሠረት አላት።

የአካባቢዋ ሴት ከሌላው ተወዳዳሪ የምትለይበት ሀብትም አላት፤ እርሱም ቋንቋዋ ነው። በደቡብ ኦሞ 16 ብሔረሰቦች ይኖራሉ። አሪኛ ወይም ሐመርኛ የሚረዳ ሶፍትዌር ለመሥራት ቋንቋውን የሚያውቅ ባለሙያ የግድ ነው። ባለሙያው ሲጠፋ የሚደርሰውን ጉድለት አዲስ አበባ የተወለደችው የኮምፒዩተር ሳይንቲስት ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው ጥናት አሳይታለች። ጥናቱ የተመለከታቸው ከፊት ገጽታ ጾታን የሚለዩ የንግድ ሶፍትዌሮች በቀላ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ የነበራቸው ስሕተት ከ1 በመቶ ያልበለጠ ሲሆን፣ በጠቆረ ቆዳ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል። ከምክንያቶቹ አንዱ እንዲህ ያሉ ሥርዓቶች የሚሠለጥኑበትና የሚፈተኑበት የምስል ስብስብ በአብዛኛው ነጣ ያለ ቆዳ ያላቸው ሰዎች፣ በተለይም ወንዶች፣ የሚበዙበት መሆኑ ነው።

ተቀጥራ ለምትሠራ ሴት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጥበቃ ያደርጋል። በቅጥርም ሆነ በደረጃ ዕድገት ከወንድ ተወዳዳሪ ጋር እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያ ይሰጣታል። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ የሥራ ቀናት ከክፍያ ጋር ፈቃድ አላት። በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳም የተከለከለ ነው። በራሷ የንግድ ፈቃድ ወይም በሥራ መጠን እየተከፈላት ከሩቅ ለምትሠራ ግን ይህ ጥበቃ በአብዛኛው ስለማይደርሳት፣ የሥራውን ዓይነት፣ የክፍያውን መጠንና ጊዜ በጽሑፍ ሳታሰፍር እንዳትጀምር እንመክራለን።

በመጨረሻም ጥቃቅን ቢመስልም ብዙ የሚያጉላላ ጉዳይ አለ። የአካባቢው ስሞች በአማርኛም ሆነ በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ይጻፋሉ። በትምህርት ማስረጃ፣ በፋይዳ መታወቂያና በሥልጠና የምስክር ወረቀት ላይ ያለው ስም ካልተመሳሰለ ማስረጃው የማን እንደሆነ ማረጋገጥ ሊያስቸግር ይችላል። ስለዚህ አመልካቿ ለሥልጠና ከመመዝገቧ በፊት ሰነዶቿን ጎን ለጎን አስተያይታ፣ ልዩነት ካገኘች ማስረጃውን በሰጠው ተቋም በወቅቱ ማሳረም ይኖርባታል።