የሳተላይት ዲሽ ተከላና የገመድ ዝርጋታ በቡታጅራ

አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በ2013 ዓ.ም ስርጭታቸውን ከናይልሳት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ወደሚገኘው ኢትዮሳት ማዛወራቸው ይታወሳል። ወደ ምዕራብ ይመለከቱ የነበሩ ዲሾችም ወደ ምሥራቅ መዞር ነበረባቸው።

በቡታጅራ የሚተከል ዲሽ ከምሥራቅ ጥቂት ወደ ደቡብ ዞሮ፣ ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ቀና ማለት ይኖርበታል። ሳተላይቱ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቅ በመሆኑ ዲሹ ጥቂት ቢዛነፍ ስርጭቱ ይቋረጣል። ስለሆነም ምሰሶው ከቆርቆሮ ጣሪያ ይልቅ በጠንካራ ግድግዳ ወይም በኮንክሪት ላይ ቀጥ ብሎ ሊታሰር ይገባል።

ገመዱ በአጭር መንገድ፣ ሳይሰበር ይዘረጋል። ወደ ሕንፃው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ቢደረግ የዝናብ ውኃ ከዚያው ይንጠባጠባል። መጋጠሚያዎቹ ውኃ እንዳያስገቡ መሸፈን፣ ምሰሶውም የመብረቅን ጉዳት ለመቀነስ ከመሬት ጋር በሽቦ መያያዝ አለበት።

መሥሪያ ቤቶች ተከላውን ከመረከባቸው በፊት እነዚህን ነጥቦች ማረጋገጣቸው በክረምት ወራት ከሚያጋጥም መቋረጥና ከተደጋጋሚ የጥገና ወጪ ያድናቸዋል።