ሣቅና ሐፍረት በአንድ ፊልም ውስጥ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዕድሜ ላይ ያለ ወጣት፣ ቁመቱን ወይም የልብሱን ማርጀት ሰው ሁሉ የሚያይበት ይመስለዋል። ይህን ስሜት ምክር ብቻውን እምብዛም አያስለቅቀውም። ጥሩ አስቂኝ ፊልም ግን አንዳንድ ጊዜ ይረዳል። እንዴት እንደሚረዳ ለማየት ሃሮልድ ሎይድ የተጫወተበትንና እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣውን «ዘ ፍሬሽማን» የተባለ ድምፅ አልባ ፊልም እንመልከት።

ታሪኩ ኮሌጅ ስለገባ ሃሮልድ ስለሚባል ወጣት ነው። እንዳለ ቢቀርብ የሚወደው ሰው ያለ ስለማይመስለው፣ በሲኒማ ካየው ጀግና አንዲት የእግር ጭፈራ ቀድቶ፣ ሰው ሊጨብጥ በተጠጋ ቁጥር ይጨፍራታል። ተማሪዎቹ ከፊቱ ያሞግሱታል፤ ዞር ሲል ይሥቁበታል። የኳስ ቡድኑ አባል የሆነ ይመስለዋል፤ ውኃ አቀባይ ብቻ መሆኑን የማያውቀው እሱ ነው።

ከሁሉ የሚያሥቀው የዳንሱ ምሽት ነው። ሙሉ ልብሱ ተሰፍቶ ስላላለቀ፣ ለጊዜው በክር ብቻ እንደተያያዘ ለብሶት ይሄዳል፤ ልብስ ሰፊውም መርፌውን ይዞ ይከተለዋል። እጅጌው ይገነጠላል፤ በመጨረሻ ሱሪው ሳይቀር ይወልቃል። ተመልካቹ «ሰው ፊት ብዋረድስ» የሚለው የራሱ ሥጋት በሌላ ሰው ላይ ሲደርስ ያያል። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው በዚያው ቦታ ላይ ሲሥቅ ይሰማል፤ ይሉኝታ የያዘው እሱን ብቻ አለመሆኑን ማንም ሳይነግረው ይረዳል ማለት ነው።

ቀጥሎ ሣቁ ይቆማል። ሃሮልድ መሣለቂያ መሆኑ በግልጽ ይነገረዋል። እንደ ቀልድ ሊያልፈው ይሞክርና አቅቶት በሚወዳት ልጅ ፊት ያለቅሳል፤ እሷም ሌላውን መምሰል ትቶ ራሱን እንዲሆን ትነግረዋለች። እስከዚያ ሲሥቅ የቆየ ተመልካች፣ በማን ላይ ይሥቅ እንደነበር ራሱን የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው።

መጨረሻው በእኔ አስተያየት ደካማ ነው። ሃሮልድ ቡድኑን ለድል ያበቃና ተማሪዎቹ ሁሉ ጭፈራውን ይቀዱለታል። ድል ያልቀናውስ ልጅ? ፊልሙን በክፍል የሚያሳይ መምህር ይህን ለውይይት ቢያቀርብ መልካም ነው። «ከእናንተ ሃሮልድን የሚመስል ማን ነው?» ብሎ ግን አይጠይቅ፤ ተማሪዎች ስለ ሃሮልድ ሲከራከሩ ስለ ራሳቸውም መናገራቸው አይቀርም።

ተዋናዩ ራሱ የሚሸፍነው ነገር ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1919 ፎቶግራፍ ሲነሣ፣ የውሸት መስሎት የያዘው ቦምብ ፈንድቶ የቀኝ እጁን አውራ ጣትና ሌባ ጣት አሳጥቶታል። ከዚያ በኋላ በሠራቸው ፊልሞች ሰው ሠራሽ ጣቶች ያሉት ጓንት ያጠልቅ ነበር። ሃሮልድ ጭፈራውን ጨርሶ ቀኝ እጁን ለሰላምታ ሲዘረጋ የምናየው ያንኑ ጓንት ነው።