ጡት ማጥባት ከእርግዝና የሚጠብቀው እስከ መቼ ነው?

በአምቦና በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ፣ በሌሎችም የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ከእናቶች ጋር ስለ ጤና ስንነጋገር ተደጋግሞ የሚነሣ አንድ አሳብ አለ። ይኸውም «የምታጠባ ሴት አታረግዝም» የሚለው ነው። አያት ለልጇ፣ ጎረቤትም ለጎረቤቷ ይህንኑ ትነግራለች። በሌላ በኩል ደግሞ «እኔ እያጠባሁ አይደል እንዴ ያረገዝሁት!» የሚሉ እናቶች አሉ። ታዲያ እውነቱ የትኛው ነው?

ሁለቱም ወገኖች የእውነት ድርሻ አላቸው። ጡት ማጥባት እርግዝናን ይከላከላል። ነገር ግን የሚከላከለው ለተወሰነ ጊዜና በተወሰነ ሁኔታ ብቻ ነው። ብዙ እናቶች ሳያስቡት የሚያረግዙት ልማዱ ውሸት ስለ ሆነ ሳይሆን፣ ልማዱ የሚሠራበት ጊዜ ማለፉን የነገራቸው ስለ ሌለ ነው። ስለዚህ ጉባኤዎቻችንና የፕሮጀክት ሠራተኞች ይህንን ነገር በሚገባ ተረድተው ለሌሎች እንዲያስረዱ በማሰብ የሚከተለውን አዘጋጅተናል።

የጥንቱ ልማድ መሠረት አለው

ሕፃን ጡት እስኪጥል ድረስ እናቱ ሳታረግዝ መቆየቷ በጥንት ዘመንም የታወቀ ነገር ነበር። በትንቢተ ሆሴዕ ምዕራፍ 1 ቁጥር 8 ላይ እንኳ የነቢዩ ሚስት ሌላ ልጅ የፀነሰችው ሎሩሃማን ጡት ካስጣለች በኋላ መሆኑ ተጽፏል። በአገራችንም እናት ልጇን ቀን በጀርባዋ አዝላ፣ ሌሊት በጎኗ አስተኝታ፣ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ስታጠባው ልጆች ተራርቀው ይወለዱ ነበር።

ዛሬ ግን በከተማ የምትኖር እናት ኑሮዋ ተለውጧል። አንዷ ቢሮ ትገባለች፤ አንዷ ሱቅ ትጠብቃለች፤ ሌላዋ በገበያ ቀን እህሏን ይዛ ማለዳ ትወጣና ማታ ትመለሳለች። ሕፃኑ ከአያቱ ወይም ከታላቅ እኅቱ ጋር ሲውል የላም ወተት ወይም አጥሚት ይሰጠዋል። እናቲቱ «እያጠባሁ ነው» ትላለች፤ አልዋሸችም። ሆኖም ያ ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው ዓይነት ማጥባት አይደለም።

ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው እንዴት ነው?

ሕፃኑ ጡት በሚጠባበት ጊዜ ከጡቱ ጫፍ የሚነሣው ስሜት በነርቭ አማካይነት ወደ እናቲቱ አንጎል ይደርሳል። አንጎልም ወተት እንዲመረት ያዛል፤ በዚያው ልክ እንቁላልን አብስሎ የሚያስወጣውን ትእዛዝ ያቆያል። እንቁላል ካልወጣ ደግሞ ፅንስ አይኖርም። እንግዲህ ነገሩ የሚወሰነው በወተቱ መኖር ሳይሆን በመጥባቱ ብዛት ነው። ሕፃኑ ሌሊትና ቀን ቶሎ ቶሎ ከጠባ ትእዛዙ እንደ ቆመ ይቆያል። ጡጦ ወይም ሌላ ምግብ አግኝቶ መጥባቱን ከቀነሰ ግን አንጎል ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል።

ሦስቱ ሁኔታዎች

በ1988 እ.ኤ.አ. የዘርፉ ሊቃውንት ጣሊያን አገር ቤላጂዮ በምትባል ከተማ ተሰብስበው ከልዩ ልዩ አገሮች የተገኘውን ጥናት መረመሩ። ከዚህም በኋላ ሦስት ሁኔታዎች በአንድነት ከተሟሉ ማጥባት ከ98 በመቶ በላይ ከእርግዝና እንደሚጠብቅ ተስማሙ። ሁኔታዎቹም እነዚህ ናቸው፦

አንደኛ፦ ከወሊድ በኋላ የወር አበባ ገና ያልተመለሰ መሆኑ። በአራስነት ጊዜ የሚታየው ደም እንደ ወር አበባ አይቆጠርም። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ግን ለሁለት ተከታታይ ቀናት ደም ከታየ የወር አበባ እንደ ተመለሰ ይቆጠራል።

ሁለተኛ፦ ሕፃኑ የሚመገበው የእናቱን ጡት ብቻ፣ ወይም ከዚያ ሌላ እጅግ ጥቂት ነገር ብቻ መሆኑ። ቀን ከአራት ሰዓት፣ ሌሊት ከስድስት ሰዓት በላይ ሳይጠባ መቆየት የለበትም።

ሦስተኛ፦ ሕፃኑ ከተወለደ ስድስት ወር ያልሞላው መሆኑ።

ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መከላከያው ይደክማል። ሁለቱ ስለ ተሟሉ ብቻ ሦስተኛውን መተው አይቻልም። በ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች ከሆነ ሕፃናት ጡት ብቻ ይመገቡ የነበሩት 58 በመቶ ነበሩ። ይህም ማለት ከአሥር ሕፃናት አራቱ ያህል ውሃ፣ የላም ወተት ወይም ሌላ ምግብ ይቀምሱ ነበር ማለት ነው። ለአራስ ልጅ ለጋ ቅቤ፣ የስኳር ውሃ ወይም የአብሽ ውሃ መስጠት ለሕፃኑ ሆድ የማይበጅ ከመሆኑም በላይ መጥባቱን ይቀንሳል።

«የወር አበባዬ እስኪመጣ ልጠብቅ»

ከሁሉ የበለጠ ልናስተውለው የሚገባ ነገር ይህ ነው። ብዙ እናቶች የወር አበባ እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል ነው ብለው ያምናሉ። «ደሙን ካየሁ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ» ይላሉ። ነገር ግን በሴት ሰውነት ውስጥ አስቀድሞ የሚመጣው እንቁላሉ ነው፤ ደሙ የሚከተለው እንቁላሉ ከወጣና ፅንስ ካልተፈጠረ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። በመሆኑም አንዲት እናት ከወሊድ በኋላ የወር አበባዋን አንድ ጊዜ እንኳ ሳታይ ልታረግዝ ትችላለች። አበባው ቀድሞውንም ስላልነበረ ቀረ ብላ አትጠራጠርም። ብዙውን ጊዜ የምታውቀው ሆዷ ሲገፋ ወይም ጽንሱ ሲንቀሳቀስ ነው።

ከቶ የማታጠባ እናት ደግሞ ጊዜዋ ከዚህ ያጠረ ነው። ከወለደች ከአራት ሳምንት ገደማ ጀምሮ እንቁላል ሊወጣ ስለሚችል፣ ከሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ አንሥቶ መከላከያ ያስፈልጋታል። ቀን ቆጥሮ መጠንቀቅም የወር አበባ ተመልሶ በሥርዓት መምጣት እስኪጀምር ድረስ አያስተማምንም።

መቀራረቡ ለምን ያሳስበናል?

የዓለም የጤና ድርጅት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ እንደገና ከማርገዟ በፊት ቢያንስ 24 ወር እንድትቆይ ይመክራል። ይህም በሁለቱ ልጆች መካከል ሦስት ዓመት ገደማ ማለት ነው። በእርግዝና፣ በወሊድና በማጥባት የተዳከመ ሰውነት ደሙንና ጉልበቱን የሚመልስበት ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜው ሲያጥር እናቲቱ ለደም ማነስ ትጋለጣለች፤ ሕፃኑም ቀኑ ሳይደርስ ወይም ክብደቱ አንሶ የመወለዱ አደጋ ይጨምራል።

ጉዳቱ በሚመጣው ልጅ ላይ ብቻ አያበቃም። ሲስሊ ዊሊያምስ የተባለች ሐኪም ዛሬ ጋና በምትባለው አገር ስትሠራ፣ ሰውነታቸው የሚያብጥ፣ ጠጉራቸው የሚሳሳ ሕፃናትን ታክም ነበር። በ1935 እ.ኤ.አ. ይህንን በሽታ የአገሬው ሰው በሚጠራበት ስም «ኳሺኦርኮር» ብላ ለዓለም አስተዋወቀች። በጋ ቋንቋ ትርጉሙ ታናሹ ሲመጣ ከጡት የተገፋ ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። የአፍሪካ እናቶች የነገሩን ምክንያት ከሐኪሞች ቀድመው አስተውለው ነበር።

ለምታጠባ እናት የሚስማሙ መከላከያዎች

«መከላከያ ወተት ያደርቃል» የሚለው ስጋት ብዙዎችን ያስፈራል። እውነቱ ግን ሁሉም መከላከያ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው።

ሁለት ዓይነት ሆርሞን ያለበት የተለመደው ኪኒን የወተቱን መጠን ሊቀንስ ስለሚችል፣ የምታጠባ እናት ስድስት ወር እስኪሞላት እንድትወስደው አይመከርም። ለሚያጠቡ እናቶች የተዘጋጀው ባለ አንድ ሆርሞን ኪኒን ግን ወተት አይቀንስም፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መዋጥ አለበት። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ ከወሊድ በኋላ ስድስት ሳምንት ሲሞላ ሊጀመር ይችላል። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ኢምፕላኖን ለሦስት ዓመት ይሠራል፤ ከወሊድ በኋላ ወዲያውም ቢሆን ሊገባ ይችላል። ሉፕ በወለደች በ48 ሰዓት ውስጥ ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ በሠለጠነ ባለ ሙያ ይገባል፤ ሆርሞን የሌለበት በመሆኑ ወተቱን አይነካም፤ ከ10 ዓመት በላይም ያገለግላል።

ኮንዶም በማንኛውም ጊዜ ይሆናል፤ ከአባላዘር በሽታም የሚከላከል እርሱ ነው። ልጅ በቃን ላሉ ባልና ሚስት ደግሞ ቋሚ ዘዴ አለ። ለወንድ የሚደረገው ለሴት ከሚደረገው የቀለለ ሲሆን፣ ከተደረገ በኋላ ለሦስት ወር ሌላ መከላከያ መጨመር ያስፈልጋል። ለእያንዳንዷ እናት የሚስማማውን የሚወስነው ጤንነቷን የመረመረ ባለ ሙያ ከእርስዋ ጋር ተመካክሮ ነው።

ይህንን አገልግሎት ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ ኪኒንና መርፌ በቀበሌ ጤና ኬላ ይሰጣሉ። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖን ለማስገባት መሠልጠን ጀምረዋል። ሉፕና ቋሚ ዘዴ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል ያስኬዳሉ። በመንግሥት የጤና ተቋማት የቤተ ሰብ ምጣኔ አገልግሎት ያለ ክፍያ ነው።

እያጠባች ብታረግዝስ?

በብዙ ቤት «የእርጉዝ ጡት ለልጅ መርዝ ነው» ተብሎ ሕፃኑ በአንድ ቀን ከጡት ይነጠላል። ይህ ትክክል አይደለም። የእርጉዝ ወተት መርዝ አይሆንም፤ መጠኑ ሊቀንስ፣ ጣዕሙም ሊለወጥ ይችላል እንጂ። ጤነኛ የሆነች እናት ምግቧን ጨምራ ማጥባቷን ልትቀጥል ትችላለች። በፊት ያስወረዳት ወይም ቀኑ ሳይደርስ የወለደች ከሆነች ግን ባለ ሙያ ታማክር። እርግዝና የጠረጠረች ሁሉ ሳትዘገይ በሽንት ምርመራ አረጋግጣ የቅድመ ወሊድ ክትትል ትጀምር። በዕድሜዋ ላይ የተፈረደ ኃጢአት እንዳለባት አድርጎ የሚያሳፍራት ጎረቤት ግን ከጤና ጣቢያ ከማራቅ በቀር የሚጠቅማት ነገር የለም።

ምን እናድርግ?

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ለማስታወስ የሚቀልለው መንገድ ትምህርቱን ከሕፃኑ ክትባት ጋር ማያያዝ ነው። እናቶች የ45 ቀኑን፣ የሁለት ወር ተኩሉንና የሦስት ወር ተኩሉን ክትባት ያውቃሉ። በእነዚህ ቀኖች ሁሉ ሦስት ጥያቄዎች እንጠይቃት፦ የወር አበባሽ ተመልሷል? ከጡት ሌላ የምትሰጪው ነገር አለ? ሕፃኑ ስንት ወር ሆነው? ከመልሶቹ አንዱ እንኳ ከተለወጠ በዚያው ቀን ወደ መከላከያ እንምራት። ሦስቱም ከተሟሉላት ደግሞ ስድስት ወር ሳይሞላ ቀጣዩን ዘዴ እንድትመርጥ እንርዳት። ሕፃኑ በስድስተኛው ወር ገንፎ ሲጀምር እናቲቱም መከላከያ ትጀምር ብሎ ማስተማር ማንም የማይረሳው ምክር ነው። ትምህርቱ በምትናገረው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ይሰጥ።

የጉባኤ መሪዎችና የሴቶች ኅብረት ደግሞ ባሎችንና አማቶችን ማስተማር ይችላሉ። ሚስት ብቻዋን ሰምታ ብቻዋን የምትሸከመው ምክር እቤት ሲደርስ ይወድቃልና። ባል መርፌው የሚታደስበትን ቀን ቢያስታውሳት፣ አማትም ለአራሱ ልጅ ቅቤ ማቅመስን ብትተው የእናቲቱ ሸክም ይቀልላል።

ጡት ማጥባትን አንተው፤ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እናጥባ። ለሕፃኑ ከዚህ የተሻለ ምግብ የለም። ነገር ግን ከስድስት ወር በኋላ ሕፃኑን የሚመግበው ጡት እናቱን ከእርግዝና ይጠብቃታል ብለን አንተማመን።