አይሪሹና ጣሊያኗ እንዴት ተጋቡ?

በኒውዮርክ ምሥራቅ ሃርለም በቀርሜሎስ ተራራ እመቤት ስም የተሰየመ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1880ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሲሠራ የጣሊያን ስደተኞች ጉልበታቸውን ሰጥተዋል። ቅዳሴ ሲጀመር ግን ቦታቸው ምድር ቤት ሆነ፤ ላይኛው የአይሪሾችና የጀርመኖች ነበር። አብረው ማስቀደስ ያልቻሉ ሰዎች ልጆቻቸውን እርስ በርስ ይድራሉ ብሎ ማን ያስባል? ዛሬ ግን በእናቱ አይሪሽ፣ በአባቱ ጣሊያን የሆነ አሜሪካዊ ሞልቷል፤ ዞር ብሎ የሚያየውም የለም።

ለውጡን ቀድመው ከመረመሩት አንዷ ሩቢ ጆ ሪቭስ ኬኔዲ ናቸው። የኒው ሄቨን ከተማን የጋብቻ መዝገብ ከ1870 እስከ 1940 አገላብጠው በ1944 ባሳተሙት ጥናት፣ ከወገኑ የሚያገባው ከ91 ወደ 64 በመቶ ገደማ ወርዶ አገኙት። መጀመሪያ የላላው ግን የትውልድ አገር አጥር እንጂ የሃይማኖት አልነበረም። አይሪሹ ጣሊያኗን ወይም ፖላንዳዊቷን፣ ጀርመኑ እንግሊዛዊቷን ሲያገባ አይሁዱ በአብዛኛው ከአይሁድ ጋር ተጋባ። የሃይማኖቱ አጥር የላላው ኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ፍቅር ብቻ አላመጣውም። የ1924ቱ የስደተኞች ሕግ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጣውን በኮታ አነቀው። ከአገር ቤት አዲስ ሰው ሲቀር የአያት ቋንቋ ከልጅ ልጅ ጆሮ ጠፋ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰውን ወጣት ደግሞ የ1944ቱ የወታደሮች ሕግ ዩኒቨርሲቲ አስገባው፤ መንግሥት ዋስ የሆነበት ብድርም ከከተማ ዳር ቤት አስገዛው። ጎረቤቱ የአባቱ አገር ሰው መሆኑ ቀረ፤ ልጆቹም ከዚያው ከጎረቤት ልጆች ጋር አደጉ።

እንዲህ ባሉ ብዙ ሰፈሮች ግን ጥቁር አሜሪካዊ ቤት መግዛት አይፈቀድለትም ነበር። ታሪኩ ሲተረክ ይህ መዘለሉ ያሳዝነኛል። በዚያው በ1924 የቨርጂኒያ ግዛት ነጭ ከነጭ በቀር እንዳያገባ የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሻረው በ1967 ነው። የአውሮፓ ስደተኛ ልጆች እርስ በርስ ሲቀላቀሉ ሌላው በሕግ ታግዶ ውጭ ቆሞ ነበር።

ዛሬ አንዱ የልጅ ልጅ አይሪሽ ነኝ፣ ወንድሙ ጣሊያን ነኝ ቢል ሁለቱም እውነት ነው፤ ምርጫው የራሳቸው ነው። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ አይሪሽና ጣሊያን በምሳሌነት የተጻፉት «ነጭ» በሚለው ሣጥን ሥር ነው። ኢትዮጵያዊ የሚለውም በቅጹ ላይ አለ፤ «ጥቁር» በሚለው ሥር።